አምስት አምፔር

ጃንዋሪ 8፣ ቅዳሜ

አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የመንግሥት መስመሩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ። ልብስ ማጠቢያው ተከፈተ፣ ቦይለሩ ተለኮሰ፣ አባዬ ገላውን ታጠበ። ከዚያ መብራቱ ሄደና ወደ ሰፈራችን ጄኔሬተር፣ በየወሩ ከፍለን ወደምንስበው አምስት አምፔራችን ተመለስን። አንሶላው ሳይጨመቅ ማጠቢያው ውስጥ ቀረ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ። አንዱ ከዶሃ፣ ከትምህርት ቤቱ። የኮምፒውተር መምህርነቱ ያንቺ ነው፣ እስከ ፌብሩዋሪ 15 መልስሽን እንጠብቃለን ይላል። ሌላው ከአምስተርዳም። እዚሁ ወደብ ከተማችን ኤል ሚና፣ እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የምሠራው ሥራ። ግን ፈተና አለው። በቤቴ፣ በራሴ ማሽኖች ትንሽ ክላውድ፣ እንደ አንድ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ አቋቁሜ፣ አንድ አገልግሎት ለአሥራ አራት ቀን ሳይቋረጥ ማስኬድ አለብኝ። እነሱ ከውጭ እየገቡ ያዩታል። ሳንደር የሚባለው አለቃቸው በቪዲዮ "ትልቅ መሆን የለበትም፤ የማይወድቅ ይሁን እንጂ" ነው ያለኝ። የማይወድቅ... መብራት በቀን አራት ጊዜ በሚወድቅበት አገር።

ዶሃ ከሄድኩ አባዬ ብቻውን አይኖርም። ገዳሙ ሥር ያለው የአረጋውያን ማረፊያ ይገባል። ወንድሜ ሰሊም ከሞንትሪያል ደውሎ አልጋ እንዳስያዘ ነገረኝ። "ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ባሕር ያሳያል" አለ። አባዬ አርባ ዓመት የመርከብ ኤሌክትሪሻን ነበር። ባሕር አይቶ ጠግቧል።

ራሱ አባዬስ ምን አለ? "ሂጂ።" ዳቦውን በዘይትና በዛተር ቅመም እያጠቀሰ፣ ቀና ሳይል። "ሂጂ እንጂ፣ እዚህ ምን ቀረሽ?"

ጃንዋሪ 10፣ ሰኞ

በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ሒሳብ ሠራሁ። አምስት አምፔር ማለት አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት። ከዚያ በላይ ከሳብን ምድር ቤት ያለው ብሬከር ይጥላል፤ አምስት ፎቅ ወርዶ ማንሳት ነው። ፍሪጁ መቶ ሃምሳ። አምፖሎቹ ሃምሳ። የአባዬ ሂተር፣ ሁለቱም ረድፍ ሲበራ፣ ስምንት መቶ። ለኔ ምን ተረፈ? መቶ። አንድ የድሮ አምፖል።

ሌላ ሰው ማሽን ሲመርጥ ስለ ፍጥነቱ ያስባል። እኔ ስለ ፍሪጁ።

መዳፍ የምታክለዋን ኮምፒውተር አስቤ ነበር። አምስት ዋት ብትበላ ነው። ግን ሚሞሪዋ ትንሽ፣ የምትጽፍበት ካርድ ደግሞ ቶሎ ይሞታል፤ ትምህርት ቤት ሦስቱን በእጄ ቀብሬአለሁ። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነው። ያገለገለ እንግዲህ። ሐሙስ ዙሄር ጋ።

ጃንዋሪ 13፣ ሐሙስ

ዙሄር ከሰዓቱ ማማ ጀርባ ነው ሱቁ። አውሮፓ ውስጥ ቢሮ ሲዘጋ ወይም ዕቃ ሲቀይር፣ ኮምፒውተሮቹ በኮንቴነር ተጭነው እሱ ጋ ይደርሳሉ። ተማሪዬ ነበር አንድ ጊዜ። ሰነፍ። አሁን ከኔ ሦስት እጥፍ ያገኛል፣ ስለዚህ ያከብረኛል።

አምስት ትንንሽ እፈልጋለሁ ስለው ሳቀብኝ። ወደ ጓዳ ወስዶ አልጋ የሚያህል ሰርቨር አሳየኝ። ሃያ አራት ኮር፣ መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ ሚሞሪ፣ ስምንት ዲስክ። "ቲቸር፣ አንድ አውቶቡስ እያለልሽ ለምን አምስት ታክሲ ትሰበስቢያለሽ? ውስጡን ከፋፍለሽ አምስት ታደርጊዋለሽ፣ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?" አለ። አስተምሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ተኝቶ ነበር ብዬ ነበር የማስበው።

ዋቱን ጠየቅኩት። "ሥራ ሲፈታ ሁለት መቶ አይሞላም" አለ። ሥራ ሲበዛበትስ? ሻይ አዘዘልኝ።

ልቤ ሸፈተ። ለሙከራ እስከ ማክሰኞ ወሰድኩት።

ጃንዋሪ 15፣ ቅዳሜ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ነኝ።

ሊፍቱ ስለቆመ ሁለት ሰዎች አምስት ፎቅ ተሸክመው አወጡት። ሰባት ሰዓት ላይ የመንግሥት መብራት መጣ። ሰካሁት። ተነሳ፤ ድምፁ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ግን ተነሳ። ማጠቢያው፣ ቦይለሩ፣ ሂተሩ፣ ሰርቨሩ፣ ሁሉም አብረው ሠሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተሽኩት። ምንም እንከን አልወጣለትም። ለዙሄር "ወስጄዋለሁ" ብዬ ጻፍኩለት።

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ገባ... ጧ። ብሬከሩ ጣለ። ወረድኩ፣ አነሳሁ፣ ወጣሁ። አራተኛው ፎቅ ላይ ሳለሁ እንደገና ጧ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ሰርቨሩን ነቅዬው ነው የወረድኩት።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አልሳቀም። "በመንግሥት መብራት ነው የሞከርሽው?" አለ። አዎ አልኩ። "ልጄ፣ በመንግሥት መብራት ሁላችንም ጀግና ነን።"

እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራው የኛ አገር ሰው ብቻ ነው። መብራት ስትመጣ ያለንን ሁሉ እንሰካለን፤ የዘላለም ትመስለናለች። አሥራ ስምንት ዓመት ኮምፒውተር አስተምሬ... አፈርኩ።

ጃንዋሪ 16፣ እሑድ

ጉልበቴ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ኡም ጣሪቅ ደረጃ ላይ ይዛኝ፣ መርከብ ገዛችሁ እንዴ፣ ድምፁ እኛ ጋ ደረሰ አለችኝ።

ጃንዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ሰርቨሩን መለስኩ። ዙሄር ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ረሳው። አሁን ወደ ጓዳው ራሴ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የመጽሐፍ ያህል የሆኑ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነበሩት፤ አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ዓመታት የከረሙ። ዘጠኝ። አውቄ በጄኔሬተር ሰዓት ነው የሄድኩት። የአባዬን ዋት መለኪያ ይዤ አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ሥራ ሲፈቱ አሥር ዋት፣ ሲሠሩ ሠላሳ አምስት።

አንዷ ማራገቢያዋ ያንኳኳል። ሁለቱ አዳፕተራቸው የሌላ ነው፣ ይግላል። አንዷ ሚሞሪ የምትቀበለው በአንድ ቦታ ብቻ። አራቱ ወደቁ፣ አምስቱ ቀሩ። ምርጫ ማለት ይሄው ነው፤ የትኛው ጥሩ ነው ሳይሆን የትኛው አያስቸግረኝም።

ሦስት ይበቃኝ ነበር እኮ። ግን ማሽኖቹ እንደ ጉባኤ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ምንም አይወስኑም። ከሦስት ሁለት ከሞቱ አለቀ። ከአምስት ሁለት ቢሞቱ ግን ሦስቱ ሥራውን ይይዙታል። ይህን ለዙሄር ሳስረዳው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በይኛ" አለና ለሁሉም ሚሞሪ ጨመረልኝ። ክፍል ውስጥ ለመተኛቱ ካሳ ነው መሰለኝ።

ጃንዋሪ 20፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐጅ ምስባሕ ጋ ሄድኩ፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት ጋ። አምስቱን አሥር ያድርጉልኝ ለማለት። በማሽኑ ጩኸት መሃል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዜና ያያሉ። አይሆንም አሉ። ማሽኑ ሞልቷል። ከሰፈሩ አንድ ቤት ካልተሰደደ አምፔር የለም። አራተኛ ፎቅ ያሉት ወደ ጀርመን ሊሄዱ ነው፤ የነሱን ደግሞ ከወዲሁ ሦስት ሰው ጠይቆታል።

"አንቺም ወደ ዶሃ ነሽ አሉ። ያንቺን ፋርማሲስቱ ይፈልገዋል። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።"

በቁሜ ልብሴን ሊከፋፈሉ። "አልሄድም" አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። ኢንሻአላህ አሉና ወደ ዜናቸው ተመለሱ።

ጃንዋሪ 21፣ ዓርብ

ዲስኩ ላይ አልቆጥብም ብያለሁ። የድሮው የሚሽከረከረው ርካሽ ነው፣ ግን መብራት በሄደች ቁጥር ይጎዳል፣ ዋትም ይበላል። አምስቱም የማይሽከረከረውን ትንሹን። ኢንተርኔቱ ሁለት፤ የሰፈሩ መስመርና ሲቋረጥ የሚተካው ሲም። አሁን የቀረኝ ባትሪው ነው።

ጃንዋሪ 23፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሙሉ ቀን ከአባዬ ጋር። ደስ የሚል ቀን።

ጄኔሬተሩ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ያርፋል። ስለዚህ ባትሪ ግድ ነው፤ አንድ ትልቅ፣ የጭነት መኪና ባትሪ የሚመስል፣ አባዬ ራሱ መርጦ ያመጣው። ችግሩ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ባዶ ሆኖ ስለሚያድር እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ ይስባል። ያኔ ለሌላው የሚተርፈው ዋት ጥቂት ይሆናል።

አምስቱ ማሽኖች እኩል ከተነሱ ብሬከሩ ይጥላል አለ አባዬ። ከዚያ አልጋው ሥር ካለው ሳጥን እየዘገዩ የሚያበሩ የመርከብ ማብሪያዎች አወጣ። እንጨት ላይ ገጠማቸው። አንዷ ትነሳለች፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛዋ፣ እያለ እስከ አምስት። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦ ሲይዝ ግን ይተወዋል። እሱ አዘዘ፣ እኔ ጠመንጃ እንደያዘ ወታደር ፋኖሱን ይዤ ቆምኩ።

"ሂተሩስ?" አልኩት። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነበር። "ቆጥሬዋለሁ" አለ። አላጣራሁም። አርባ ዓመት የሠራበት ነው፣ ከኔ የተሻለ ያውቃል። ሲጨርስ ደግሞ እጁን እየጠረገ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድነው፣ ሂጂ አለኝ።

ጃንዋሪ 29፣ ቅዳሜ

አገልግሎቱ ምን ይሁን? ሰሞኑን ሳስብ ነበር። ከቤታችን የበለጠ የማውቀው ምን አለ? ኤሌክትሪክ ሰሌዳው ላይ መለኪያ አስቀመጥኩ። ቤቱ በየደቂቃው ስንት ዋት እንደሚስብ ይልካል፣ ማሽኖቹ ያስቀምጡታል፣ ገጹ መስመር አድርጎ ያሳየዋል። ሳንደር ወደደው። አባዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለፈተናው የሚሆን ቁጥር ነው አልኩት። ቁጥር ከሆነ ጥሩ አለና ተወው።

ጃንዋሪ 31፣ ሰኞ

ተጀመረ። የአሥራ አራቱ ቀን ቆጠራ ከዛሬ ነው።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሐሙስ

አራተኛ ቀን። ዛሬ ብቻ መብራት አምስት ጊዜ ሄዳ መጣች። ገጹ አልወደቀም። ስምንት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስገባ ቤቱ ሙቅ፣ አባዬ ምስር በሩዝ ሠርቶ ጠበቀኝ። ሰዎችሽ ምን አሉ አለኝ። ምንም አልኩ። ምንም ጥሩ ነው አለ።

ፌብሩዋሪ 5፣ ቅዳሜ

ተራራው ላይ በረዶ ጥሏል፣ ብርዱ እዚህ ባሕሩ ድረስ ወርዷል። አባዬ ጠዋት ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ወደ ወደቡ ወጣ። ምን ዓይነት ፀሐይ? ሳል ይዞት ተመለሰ።

ሰሊም ደወለ። ሳሉን በስልክ ሰማው። ማረፊያ ቤቱ ሐኪም አለው፣ ማሞቂያው ቀን ከሌት ነው የሚሠራው፣ አንቺ ደግሞ ግትር ሆነሽ ነው አለኝ። ተናድጄ ዘጋሁበት። እኛ ቤት ማሞቂያ የለም እንዴ?

ፌብሩዋሪ 8፣ ማክሰኞ

ዘጠነኛ ቀን። እንዴት እንደምጽፈው...

በዕረፍት ሰዓት የስምንቱን ቀን መስመር አንድ ላይ ዘረጋሁት። ለሳንደር ላሳየው ብዬ። ሂተር ሲበራ መስመሩ ዘሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ደረጃ። ማታ ማታ ደረጃዋ አለች። ጠዋት ግን፣ እኔ ከምወጣበት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ የለችም። ሰኞ የለችም። ማክሰኞ የለችም። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ የለችም። ከዚያ ልክ ለስምንት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ትነሳለች። በየቀኑ። እኔ ስምንት ሰዓት ነው የምገባው።

ከስድስት ሰዓት በላይ በብርድ። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። ልደርስ ስል ያበራዋል፣ ቤቱ ሙቅ ሆኖ እንዳገኘው፣ እንዳልጠይቅ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወደቡ... ፀሐይ ልሙቅ።

ቆጥሬዋለሁ ያለኝ ለካ ከሒሳቡ አውጥቶት ነው። ጠዋት ባትሪው እየሳበ፣ አምስቱ ማሽኖች እየሠሩ፣ ሂተሩ ከተጨመረ ብሬከሩ ይጥላል። እኔ የለሁም። እሱ በዚያ ጉልበቱ አምስት ፎቅ ወርዶ እስኪያነሳው ይቆያል። ባትሪው ደግሞ ባዶ ነው። ገጹ ይወድቃል። ገጹ ከወደቀ እኔ ዶሃ ነኝ። ይህን ሁሉ አስልቶ ነው ካፖርቱን ለብሶ የተቀመጠው።

በአፉ ሂጂ ይለኛል። በብርዱ ደግሞ አትሂጂ ሲለኝ ከረመ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ክፍል ስገባ ልጆቹ ቲቸር አመመሽ እንዴ አሉኝ።

ብነግረው ይክዳል። አውቀዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 9፣ ረቡዕ

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ከአምስቱ ማሽኖች ሁለቱን ለመንቀል ወሰንኩ። ሒሳቡን አራት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሁለት ማሽን ከወጣ፣ ባትሪውም ሌሊት ብዙ አይጎድልም፣ ጠዋት ብዙ አይስብም፤ የሂተሩ አንድ ረድፍ ይገባል። ግን ገና አምስት ቀን አለ። ከቀሩት ሦስቱ አንዷ እንኳ ከሞተች ጉባኤው አይሞላም፣ አለቀልኝ። ከዚህ በኋላ ትርፍ የለኝም።

ገጹን በስልኬ ከፍቼ የመጀመሪያዋን ሳብኩ። አለ። ገጹ አልወደቀም። ሁለተኛዋን ሳብኩ። ትንሽ ዞረ፣ ዞረ... አለ። ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር ለካ በልቤ አላመንኩትም ነበር። አምስት የገዛሁት ለዚህ አልነበር?

ሂተሩን አንዱን ረድፍ ለኮስኩት። አባዬ ከኩሽና ብቅ ብሎ አየኝ። "ይሄ ሳይጠፋ ይዋል። የፈተናው አካል ነው" አልኩት። ዋሸሁ። ማሽኖቹን አየ፣ ሂተሩን አየ። ወደ ኩሽናው ተመለሰ።

ትምህርት ቤት ሆኜ መስመሩን ስድስት ጊዜ ከፈትኩ። ደረጃዋ አለች። ቀኑን ሙሉ።

ፌብሩዋሪ 11፣ ዓርብ

ሳሉ ቀለል ብሎታል። ብሬከሩ አልጣለም። ሦስቱ ይሠራሉ። ሌላ አልጽፍም፣ ዓይን እንዳይገባብን።

ፌብሩዋሪ 13፣ እሑድ

አሥራ አራተኛው ቀን አለቀ። አልወደቀም።

ሳንደር በቪዲዮ ገባ። እሑድም ይሠራሉ ለካ። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ማሽኖች ወጥተዋል፣ ተበላሹ ወይ አለኝ። እኔ ነኝ የነቀልኳቸው አልኩ። ለምን አለ። የሚያምር መልስ መስጠት እችል ነበር። ሆን ብዬ ጥንካሬውን ልፈትን ነው ማለት። አንድ ሺህ ጊዜ አስቤዋለሁ።

"አባቴ በረደው" አልኩ።

የሆነ ነገር ጻፈ። ተነጋግረን እናሳውቅሻለን ብሎ ወጣ። አበላሸሁት መሰለኝ።

ፌብሩዋሪ 14፣ ሰኞ

ከአምስተርዳም ምንም የለም። የዶሃ ቀን ነገ ነው የሚያልቀው።

ዛሬ ጻፍኩላቸው። አመሰግናለሁ፣ አልመጣም። ሁለት ጊዜ አንብቤ ላክሁት። አምስተርዳምም ቢቀርስ? ይቅር። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው። ትምህርት ቤቴ አለ፣ ደመወዙ ለዳቦ ይበቃል፣ አንዳንዴም ለዛተሩ። ለአባዬ አልነገርኩትም።

ፌብሩዋሪ 19፣ ቅዳሜ

ትናንት መልስ መጣ። ተቀበሉኝ። ግማሽ ቀን፣ ለሦስት ወር፣ ከዚያ እናያለን ይላል። ሳንደር ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል። ማሽን ነቅሎ ለማየት የደፈረ ሌላ ተፈታኝ የለም ይላል።

ዛሬ ጠዋት ለአባዬ ነገርኩት። ቁርሳችንን እየበላን፣ ሂተሩ በርቶ። ሳቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ፣ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ተቀመጠና አሰበ። የዶሃው ቀን ማክሰኞ አልቋል፣ ምን ብለሽ ቆየሽ አለኝ። ሰኞ አልመጣም ብዬ ጽፌላቸዋለሁ አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ተቆጣ፣ የምር። እነዚህ ሳይመልሱልሽ? ባይቀበሉሽስ? በምን ትኖሪ ነበር፣ በኔ ጡረታ? እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ? ቃሉን ሁሉ አልጽፈውም። ሳህኑን ገፋው።

ተነስቼ ኮምፒውተሩን ፊቱ አስቀመጥኩና ገጹን ከፈትኩለት። ከጃንዋሪ 31 ጀምሮ። መነጽሩን አደረገ። ኤሌክትሪሻን ነው፣ ማንም ሊያነብለት አይገባም። ጣቱን መስመሩ ላይ እየነዳ ሄደ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ... ለስምንት ሃያ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"የኛ ቤት ነው?" አለ።

"የኛ ቤት ነው አባዬ።"

ይክዳል ብዬ ጠበቅኩ። መለኪያሽ ተበላሽቷል ይላል ብዬ።

"ሂጂ ስልሽ" አለ፣ ዓይኑን ከገጹ ሳያነሳ፣ "እንዳትሰሚኝ እየጸለይኩ ነበር። አባት እንዲህ አይጸልይም። ግን ብቻዬን መቅረት ፈራሁ።"

እጁን ያዝኩት። ሞንትሪያል ገና ሌሊት ነበር፣ ሰሊምን ቀሰቀስኩትና ማረፊያ ቤት ያስያዘውን አልጋ እንዲለቅ ነገርኩት።